ሰባቱ ክቦች

ከቤቴ ሲወስዱኝ ጠዋት ነው፤ ሸሚዜን እንኳ ቆልፌ አልጨረስኩም። ላፕቶፔንና ደብተሬንም አልተዉም። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የጋምቤላ ሙቀት ከረፋዱ ጀምሮ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሌላ እስረኛ የለም። ሳምንት ሳይሞላኝ ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ መርማሪ ደብተሬን ይዞ መጣ። ደስ አለኝ፤ መርማሪም ቢሆን ሰው ነው።

«እነዚህ ክቦች እነማን ናቸው?»

ሰባት ክቦች ናቸው፤ በቀስት ተያይዘዋል፤ የመጨረሻው ድርብ ነው።

«ሰዎች አይደሉም። አውቶማታ ይባላል። ኮምፒውተር የአኙዋ ቋንቋ ቃላትን እንዲለይ ነው የሠራሁት። ከመጀመሪያው ክብ ይነሳል፤ የቃሉን ቁራጭ ባገኘ ቁጥር በቀስቱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ድርቡ ላይ ከደረሰ ቃሉ ትክክል ነው ማለት ነው።»

«ድርቡ አለቃው ነዋ!»

ሳቄን ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ለማያውቀው ሰው የሴረኞች ሰንሰለት ይመስላል።

ጣቱን ኅዳጉ ላይ አሳረፈ። «ጎግ» የሚል የወረዳ ስም ጽፌበታለሁ።

«ጎግ ማን አለህ? በየክቡ ስም ሙላ። ከምሳ በፊት ቤትህ ትገባለህ።» እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ጎግ ያሉኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከበቆሏቸው ዳር አስቀምጠው ቃላት ነግረውኛል፤ ስሳሳት እየሳቁብኝ አርመውኛል። ስማቸውን ብጽፍ በማግስቱ ያመጧቸዋል።

እዚህ ላይ አልዋሽም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «እዚሁ እኔ ክፍል ያስገቧቸው ይሆን?» የሚል ነበር። የማወራው ሰው ባገኘሁ አልኩ። እጄ ወደ ደብተሩ ሄዶ ነበር። በራሴ አፈርኩ።

የመጀመሪያው ክብ ውስጥ የራሴን ስም ጻፍኩ። ሁለተኛውም ውስጥ የራሴን። ሰባቱንም ሞልቼ ደብተሩን በሁለት እጄ መለስኩለት።

ብዙ አየውና «ብቻህን ነህ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

ሁለት ወር እስር ተመረቀልኝ።

አሁን ፕሮግራሙ ይሠራል፤ አንዳንድ ቃል ሲያስቸግረኝ ዛሬም ለሽማግሌው እደውላለሁ። ከተፈታሁ በኋላ ጎግ ሄጄ መታሰሬን ስነግራቸው ተቆጡኝ።

«ለምን አልጠራኸኝም? እኔ መጥቼ ካንተ ጋር እቀመጥ ነበር።»

ልጠራቸው ትንሽ ቀርቶኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።