መጣሁ ብላኝ የሄደችው አክስቴ

ዓሣ የከረመበት መኪና መቼም አይጸዳም። ምንጣፉን አውጥታችሁ እጠቡት፣ ሎሚ እሹበት፣ ሽቶ አርከፍክፉበት፣ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ተመልሶ ይመጣል። ይህን የማውቀው ከአባዬ ቫን ነው። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ያደግኩበትን ዘመን ሳስብ፣ ከበረዶውም ከትምህርት ቤቱ ፒዛም በፊት አፍንጫዬ ላይ የሚደርሰው ያ ሽታ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምናደርሳቸው እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው በይሉኝታ ዝም ይሉ ነበር። እማዬ "የልጆቹ ሥራ ነው እኮ" እያለች ታስተባብላለች። ግማሹ እውነት ነው፤ መኪናው ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዓሣው ግን የአክስቴ የትዕግሥት ነበር፣ እንዳስቀምጠው ያደረጉኝም እነሱ ትልልቆቹ ናቸው። ይኸው ወልጄም አልተውኩላቸውም።

ቲጂዬ የአባዬ ታናሽ እህት ናት። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ከነበረችው ጠባብ አፓርታማችን ገባች። ታላቅ ወንድሜ ናቲ ሳሎን ሶፋ ላይ ተሰደደ፤ እኔና እሷ አንድ ክፍል ደረሰን። ሁለት አልጋ ነበረን፤ እኔ ግን የራሴን የአሻንጉሊት ማስቀመጫ አድርጌው ከእሷ ጋር ነበር የምተኛው። እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ አባዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ፀጉሬን የምትጎነጉነው፣ የትምህርት ቤት ጉዴን የምትሰማው፣ ስታመም ግንባሬን የምትዳብሰው ቲጂዬ ነበረች። ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ እጇ የሳሙና ሽታ ነበረው፤ እኔ ደግሞ ያንን ሽታ ካላሸተትኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከቅዳሴ መልስ ሁለታችን አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጥተን ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር ስንቀምሰው እንውል ነበር። ደስ ያለን ፌርማታ ላይ እንወርድና ስሙን የማናውቀውን ምግብ እናዛለን። ቲጂዬ ለሁሉም የሀገር ቤት ዘመድ ትፈልግለታለች። የኤል ሳልቫዶሮቹን ባቄላ የተሞላ ቂጣ "ያረገዘች ቂጣ" ነበር የምትለው። አንድ ሕግ ነበረን፤ አዲስ ነገር ሁለታችንም ሳንኖር አይቀመስም። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የኮሪያ ጣፋጭ ሰጥታኝ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ማታ ድረስ አቆይቼላታለሁ። እሷም ከሆቴል ያመጣችውን ኬክ ሳትነካ ቀስቅሳኝ ታውቃለች።

ሐምሌ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ አባዬ ፈቃድ ይወስድና ወደ ካሊፎርኒያ እንነዳለን። ሳንዲያጎ የሚኖር አብሮ አደጉ ነበረ፤ እሱ ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እናድራለን። መንገዱ አያልቅም። ተራራውን ወጥተን ወርደን፣ የዩታን ቀይ ድንጋይ አልፈን፣ የላስ ቬጋስን እሳት ችለን ስንጠጋ፣ አባዬ መስኮቱን ከፍቶ "አሽትቱ!" ይላል። ጨው ጨው የሚል እርጥብ አየር ይገባል። እማዬ ታማትባለች፤ እኔና ቲጂዬ ዘንድሮ ምን እንደምንቀምስ ክርክር እንጀምራለን።

በመጀመሪያው ዓመት ያገኘነው ማንጎ ነበር። አንዲት ሴት በጃንጥላ ሥር ማንጎ እየላጠች ሎሚ ትጨምቅበትና ቀይ በርበሬ ትነሰንስበታለች። ቲጂዬ ቀምሳ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ "እግዚኦ! ሚጥሚጣ በማንጎ! እናቴ ብታየኝ ጠበል ይዛኝ ትሄድ ነበር" አለችና ሁለተኛ አዘዘች። በሁለተኛው ዓመት ቴምር በአይስክሬም የተፈጨበት ወፍራም ሼክ አገኘን፤ በስትሮው እየሳብን ጉንጫችን ውስጥ ለውስጥ ተጣበቀ። ከመንገድ ዳር ፀሐይ ያሞቀው እንጆሪ ገዝተን ልብሳችንን አበላሸን። ያልደፈርነው ዓሣውን ብቻ ነበር። ኦሽንሳይድ፣ ባሕሩ ላይ ከተዘረጋው ረጅም የእንጨት ድልድይ አጠገብ፣ ትኩስ ዓሣ ጠብሰው በበቆሎ ቂጣ ከጥቅል ጎመን ጋር የሚሸጡበት መስኮት አለ። ሽታው አንጀት ይበላል። ቲጂዬ ግን እሾህ ትፈራለች፤ "ለከርሞ" ትለኛለች። በሁለተኛውም ዓመት "ለከርሞ" አለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ እኔ ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ያንን የባሕር ዳርቻ እንደ ሰፈሬ አውቀው ነበር። ስንነሳ ቲጂዬ "ዘንድሮ የመጨረሻው ቀን ላይ ዓሣውን እንቀምሳለን" አለችኝ። እኔ ዓሣውን ነው የሰማሁት። ሻንጣዋ ከሁላችንም ሻንጣ ይበልጥ ነበር፤ እማዬ በርበሬና ሽሮ በከረጢት ስትቋጥር ለአባዬ አብሮ አደግ መስሎኛል። የክረምት ኮቷን ለባሕር ለምን እንደያዘች ስጠይቃት ሳቀችና ጉንጬን ሳመችኝ። በዚያ ጉዞ ደግሞ ያልኩት ሁሉ ይሆን ነበር። ኬክ ስል ኬክ፣ ጁስ ስል ጁስ፤ እማዬ እንኳን "ጥርስሽ!" አላለችኝም። ናቲ ያለወትሮው የመስኮቱን ቦታ ለቀቀልኝ። እኔ አድጌ የተከበርኩ መሰለኝ።

ሳምሶን የሚባል ሎንግ ቢች የሚኖር ሰው ነበረ። ባለፈው ዓመት ባሕሩ ዳርቻ ላይ "ድንገት" አግኝቶን ነበር፤ ዘንድሮም "ድንገት" አገኘን፤ በማግስቱም እንደገና "ድንገት"። ሳቂታ ነው፤ ወደድኩት። ኦርቻታ የሚባለውን ከሩዝና ከቀረፋ የሚሠራ ነጭ መጠጥ ያገኘልን እሱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ትልቁን ብርጭቆ ይዞ አሸዋው ላይ ፊቴ ተንበረከከና ድምፁን እንደ ሽማግሌ አወፍሮ፣ "እመቤት ሜሮን፣ የምልከው ሽማግሌ የለኝም፤ ራሴ መጥቻለሁ። ትዕግሥትን ይሰጡኛል?" አለኝ።

ቲጂዬ አጠገቤ ነበር የተቀመጠችው። እሷን አስነስቶ ቦታዋ ላይ ሊቀመጥ የፈለገ መሰለኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ፣ በቪዲዮ እንዳየኋቸው የሰርግ ሽማግሎች ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ውሰዳት" አልኩ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፣ አባዬ አጨበጨበ፣ እማዬ ቀስ ብላ እልል አለች። ቲጂዬ አንገቴ ሥር ገብታ ስትስቅ አንገቴ ረጠበ። እንዲህ ያለ ቀልድ መቀለዴ እኔንም አኮራኝ። ኦርቻታውን ከቲጂዬ ጋር እኩል ጠጣነው።

የመጨረሻው ቀን ኦሽንሳይድ ነበርን። መስኮቱ ፊት ሰልፉ ረጅም ነው። ቲጂዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አፍንጫዬን ሳመችኝ። "አንቺ ከአባትሽ ጋር ተሰለፊ። የኔን ሎሚ አብዙበት በያቸው። መጣሁ" አለችኝ።

አማርኛን የምወደው በዚህች ቃል ነበር። እንግሊዝኛ የሚሄድን ሰው ሄደ ይለዋል። በእኛ ቋንቋ ግን ሰው ገና ሳይነሳ "መጣሁ" ይላል። ገና ሳትሄድ መጥታለች፤ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ዞሬም አላየኋት።

ሁለት ጥቅል ዓሣ ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ "ብይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አለኝ። "ቲጂዬ ትምጣ" አልኩት። ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። መነጽር አድርጋ የማታውቀው እማዬ ጥቁር መነጽር አድርጋ ነበር። ቲጂዬ የት ናት ስላት "ትመጣለች" አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ "እንሂድ" ተባለ። ቀድማን የአባዬ አብሮ አደግ ቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ጥቅሎቹን እቅፌ ውስጥ አድርጌ ቫኑ ውስጥ ገባሁ። ሻንጣዎቹ ተጭነዋል። መንገዱን የማውቀው ስለነበረ፣ ባሕሩ ከኋላችን ሆኖ ደረቁ ተራራ ፊት ለፊት ሲመጣ ደነገጥኩ።

"አባዬ! ቲጂዬን ረሳናት!" ብዬ ጮህኩ። "ተመለስ! ረሳናት!"

አባዬ መንዳቱን ቀጠለ። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስ ነበር። በመጨረሻ ናቲ፣ "ዊ ዲድንት ፎርጌት ሄር፣ ሜሪ። ከሳምሶን ጋር ሊጋቡ ነው። ሺ ሊቭስ ሂር ናው" አለኝ፤ አልረሳናትም፣ ከእንግዲህ እዚህ ነው የምትኖረው ማለቱ ነው። ጥር ላይ ሰርጉ እስኪደርስ የሳምሶን እህት ቤት ልትቀመጥ ነበር፤ ሥራም ተገኝቶላታል። ናቲ እንኳን ያውቅ ነበር! ከዴንቨር ጀምሮ በዚያ ቫን ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባዬ ሊያስቀኝ ፈልጎ በመስታወቱ እያየኝ፣ "ምነው፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ የዳርሻት? ውሰዳት አላልሽውም?" አለ። ከዚያ ቀን ሁሉ ይህን ነው ይቅር ያላልኩት። ደብቀውኝ ብቻ አልቀሩም፤ የማላውቀውን አስብለውኝ ፈራሚ አደረጉኝ። በአንድ ብርጭቆ ኦርቻታ!

አልቅሼ ሲደክመኝ ዓሣዎቹን ከወንበሩ ሥር ገፋኋቸው። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሁለታችንም ሳንኖር አይቀመስም። ላስ ቬጋስ ላይ ቫኑ መሽተት ጀመረ። ዩታ ስንደርስ አባዬ ነዳጅ ማደያ ጎን አቁሞ በባትሪ ሲፈልግ አገኛቸውና ሊጥላቸው ሲል፣ "የቲጂዬ ነው!" ብዬ የማደያው ሰው እስኪወጣ ድረስ ጮህኩ። እማዬ "ተዋት እባክህ" አለችው። በፕላስቲክ ላይ ፕላስቲክ ደራርባ አሰረችውና ዓሣው አብሮን ተጓዘ። ተራራው ላይ በዚያ ብርድ አራት መስኮት ከፍተን፣ ጃኬት ለብሰን አለፍን። ኦሮራ ስንገባ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ዓሣው የለም። እሱንም ሳላይ ነው የጣሉት።

ከሷ አልጋ ወደ ራሴ ተመለስኩ። አንሶላዋ የሳሙና ሽታዋን ትንሽ ጊዜ ያዘው፤ ከዚያ እማዬ አጠበችው። ቲጂዬ ስትደውል ሽንት ቤት ገብቼ እቆልፋለሁ። ሰርጉ ላይ አበባ ያዥ አደረጉኝ፤ እስካሁን በየፎቶው ላይ በነጭ ቀሚስ ተኮሳትሬ አለሁ። አሥራ አምስት ቁጥርን ግን ብቻዬን ተሳፍሬ አዲስ ነገር የቀመስኩት ስንት ዘመን ቆይቶ ነው፤ እሱም ጣዕሙ አልገባኝም።

ያኔ ማንም ክፉ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ልጅ እንዳታለቅስ ነው። በእኛ ቤት ልጅ አይነገረውም፤ ያዘናጉትና በሌላ በር ይወጣሉ። ግን እኮ ማልቀሴ አልቀረም፤ ከማን ጋር ሆኜ እንደማለቅስ ብቻ ነው የቀሙኝ። ከእሷ ጋር ማልቀስ ነበረብኝ።

አምና ቲጂዬ ከልጆቿ ጋር ልትጠይቀን መጥታ፣ ኮልፋክስ ላይ ምሳ ስንበላ ጨክኜ አነሳሁባት። ያን ቀን ኦሽንሳይድ ላይ ለምን መጣሁ አልሽኝ፣ አልኳት። ጉርሻዋን እንደያዘች ግራ በመጋባት አየችኝ።

"መጣሁ አልኩሽ እንዴ?" አለች። "አላስታውስም ሜሪዬ። ሰው ሲነሳ መጣሁ ይል የለ? ዝም ብሎ የሚባል ነው እኮ።" ከዚያ ጉርሻውን ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። ጎረስኩ፤ ምን ላድርግ። እኔ ያቺን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜ፣ እሷ ግን ከነመፈጠሯም ረስታታለች።

አሁን ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ሕፃናት መዋያ አድርሻት ስወጣ ልጄን ዓይን ዓይኗን እያየሁ "እሄዳለሁ፤ ስትወጪ እወስድሻለሁ" እላታለሁ። ታለቅሳለች። እማዬ ትቆጣኛለች፤ "ምን ልጅ ታስለቅሻለሽ፣ መጣሁ ብለሽ ውልቅ አትይም?" ትለኛለች። አልልም። እኛ ቤት ያቺ ቃል የለችም ብዬ ነበር።

ኪንደርጋርተን በጀመረች ሰሞን፣ በሩ ላይ እንደምታለቅስ ገምቼ መሐረብ ይዤ ጎንበስ አልኩ። አላለቀሰችም። ጓደኛዋን አይታ እጄን ለቀቀችና እየሮጠች፣ ሳትዞር፣ በአያቷ ድምፅ "መጣሁ ማሚ!" አለችኝ። በሩ ተዘጋ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁት፤ መልሼ አጠፋሁት። ሥራ ረፍዶብኛል፤ እስከ ከሰዓት እንደማትወጣም አውቃለሁ። ቢሆንም መጣሁ ብላኝ የለ፤ በሩን በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።