ከአልጋው እግር የወጣው

ሀጂ የእንጨት ሥራ ቤቴ በር ላይ ቆመው "የሠራህልኝ አልጋ ያኝካል" ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ጭሮ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በአናጢነት ስኖር የተነቀዘ እንጨት ሸጥክልኝ ያለኝ ሰው የለም። ሦስት ደንበኞች ደግሞ ቆመው ይሰማሉ።

"እናቴን! እንጨቱ ቦርደዴ ቆላ ፀሐይ ላይ እንደቆመ የደረቀ ግራር ነው። ነፍስ ያለው ነገር የለበትም!"

"ወላሂ ያኝካል። ና፣ ራስህ ስማው።"

መጋዜን ይዤ ተከተልኳቸው። አፋቸውን ላስይዝ ነው የሄድኩት፣ ምን ይደበቃል።

ቤታቸው ገብቼ ተንበረከኩና ጆሮዬን አንዱ የአልጋ እግር ላይ ለጠፍኩ። ቅርጭ። ቅርጭ። ወለሉ ላይ አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ ተከምሯል፤ የእኔ መጋዝ ያላወጣው፣ እንደ ሽሮ የላመ። ይህ ወሬ ገበያ ሲደርስ ከእንግዲህ ማን ሥራ ይሰጠኛል?

"አይጥ ይሆናል፣ ሀጂ" አልኩ፣ እኔም ሳላምንበት።

ተናግሬ ሳልጨርስ የአልጋው እግር ቫርኒሽ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጥርስ፣ ከዚያ ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ቀንዶቹን ከኋላው መሳብ ጀመረ፤ ይስባል፣ ይስባል፣ አያልቁም! አውራ ጣቴን የሚያህል ቡናማ ጥንዚዛ ነው፣ ቀንዶቹ ከገላው ርዝመት የሚበልጡ።

"ሀጂ! ወጣ! ወጣልዎ!" ብዬ ጮህኩ። ሃያ ዓመት ግራር ስጠርብ ያየሁት ባዶ ቀዳዳውን ብቻ ነው፤ ቀዳጁን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። አሁን ፊቴ ቆሟል! ደስታው ሀፍረቴን አስረሳኝ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሀጂ አጠገቤ ዘፍ ብለው ሚስታቸውን በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮቱ! ኮቱ! ነይ እዪ!" እያሉ ይጣራሉ። ጥንዚዛውን ጣቴ ላይ ሳወጣው ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ አለ። ሚስታቸውም ደርሰው ሦስታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። ከዚያ ግቢያቸው ካለው ግራር ላይ አስቀመጥነው፤ ሽቅብ እየወጣ ከዓይናችን ተሰወረ።

መሐላዬ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። "የአልጋውን እግር ልቀይርልዎ፣ ሀጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ቀይረው። ግን ልጄ፣ በእናትህ ስትምል እሱ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ያኝክ ነበር።"

በማግስቱ አንዲት ደንበኛ እንጨቱ ደህና መሆኑን ጠየቀችኝ። "እናቴን" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ተንበርክኬ ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጠፍኩ።

"ቆዪ፣ እህቴ" አልኳት፣ "መጀመሪያ እሱን ልጠይቀው።"