በአሥር ሰከንድ የደረቀ ጥርስ

የጥርስ ሐኪሟ ከእኔ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ያስተኛቻቸው አዛውንት በያጅ መሆናቸውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። የሸሚዛቸው ደረት በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቷል። ሲስቁ ደግሞ የተሰበረውን የፊት ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ።

"አባቴ፣ ይሄ ለስላሳ መሙያ በሰማያዊ ብርሃን አሥር ሰከንድ ውስጥ ይደርቃል" አለቻቸው። ብርቱካንማ መነጽር አደረገችላቸውና "ላበራው ነው፣ እንዳይንቀሳቀሱ" ስትል አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ወረወሩት። መሙያው ከንፈራቸው ላይ ተለጠፈ።

"ይቅር በዪኝ ልጄ! እሳት ልለኩስ ስል አንገቴን ደፋ አድርጌ ነው ጭንብሌን የማወርደው። አርባ ዓመት የለመደ አንገት እምቢ አለኝ!"

ሐኪሟ እየሳቀች ጠርጋ እንደገና ሞላችው። አሁን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙ። የእግራቸው ጣቶች ግን ነጠላ ጫማቸው ላይ ይጨፍራሉ። ብርሃኑ ቦግ ሲል እኔም የራሴን ሕመም ረስቼ አብሬያቸው እስከ አሥር ቆጠርኩ።

መስታወት ስትሰጣቸው መጀመሪያ ጥርሱን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡ።

"ይዟል!" አሉ። ከዚያ መጋጠሚያውን ፈለጉ፤ ፈልገው አጡት። "የት ገባ? እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ በይጄ አላውቅም! ኧረ አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ!"

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ለሚስታቸው ደወሉ። "እኔ ነኝ፣ መጣሁ። በሩን ስትከፍቺ ምንም እንዳትጠይቂኝ፤ ዝም ብለሽ እዪኝ።"

እየሳቁ ወጡ። ሁለቱም እጆቻቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ።