ዋሱ ይጠራልኝ!

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ናሆም ቂሊንጦ መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አዲስ በከፈተችው ሆቴል በአሳላፊነት ሊቀጠር መሆኑን ነገረኝና «ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ» አለኝ። «ዋስ» የሚለውን ስሰማ አፌ ላይ የቆሎ ጣዕም መጣብኝ። ምን አገናኛቸው አትሉም?

ያኔ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። ደረጀ የሚባል የክፍል ተጋሪዬ ሳሪስ አቦ አጠገብ እትዬ ብርነሽ ግሮሰሪ ሲቀጠር ዋስ ሆኜ ፈረምኩለት። ከፈረቃ ስወጣ እዚያ ጎራ ብዬ አንዲት ቢራ በቆሎ እጠጣለሁ። ቆሎውን እትዬ ብርነሽ ራሳቸው ነበሩ የሚቆሉት፤ ሱፍ ጣል ያደርጉበታል፤ ሲበሉት አያቆሙትም። ከባንኮኒው ኋላ ንግድ ፈቃዳቸው በመስታወት ተሰቅሏል፤ እኔማ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። «ደረጀ፣ የመጣ ደንበኛ አይመለስም!» ሳይሉ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

የጥቅምት አቦ ዕለት እሳቸው ንግሥ ሄደው ሳለ፣ ደረጀ ዩኒፎርማቸው ላይ ጃኬት ለደረቡ ተማሪዎች ቢራ ቀዳላቸው። ተቆጣጣሪዎች ልጆቹን ከነብርጭቋቸው አገኟቸውና ቤቱን አሸጉት። እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲመለሱ በራቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ጠበቃቸው።

«ዋሱ ይጠራልኝ!» አሉ።

ከፋብሪካ ተጠርቼ መጣሁ። ደመወዜ ሊያዝ ነው ብዬ እየፈራሁ፣ የከባድ መኪና አቧራ እየቃምን ሦስታችንም ቤቱን ወዳሸገው ንግድ ቢሮ ሄድን።

«እናቴ፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው?» አላቸው ኃላፊው።

«በእኔ።»

«እንግዲያው ጥፋቱም የእርስዎ ነው።»

«እኔ አቦ ደጅ ነበርኩ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ይኸው ዋሱን አምጥቼልሃለሁ!»

ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ፈገግ አለ። «ይሄ ልጁ ንብረት ቢያጠፋብዎ ለእርስዎ ዋስ ነው። ለእኛ ግን ዋሳችን እርስዎ ነዎት። አሁን ለጊዜው አሽገናል፤ ቢደገም ግን ፈቃዱ ይሰረዛል።»

«ሦስት ልጅ ያሳደግሁበት ቤት!» አሉ እትዬ ብርነሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» አሉኝ። እፎይ ማለቴ አሳፈረኝ፤ ግን ነገሩ ገረመኝ። በቦታው ያልነበረ ሰው እንዴት ይጠየቃል? መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳብሰለስል፣ ደረጀን አሁን ያባርሩታል፣ አሁን ያባርሩታል እያልኩ እጠብቃለሁ።

መሀል መንገድ ላይ ቆም አሉ። «አንተ፣ ልጆች መሆናቸው አልታየህም?»

«ታይቶኛል እትዬ» አለ ደረጀ አንገቱን ደፍቶ። «ግን የመጣ ደንበኛ አይመለስም ብለውኛል።»

እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ወይ አቦ! ለካ ከእኔው አፍ ነው የወጣው» አሉ። አላባረሩትም። ቤቱ ዳግም የተከፈተ ዕለት ባንኮኒው ላይ ቆሎ እየዘገኑ «ልጅ ከመጣ መልሰው፤ እኔ ብልክልህም መልሰው!» አሉት።

የኃላፊው ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቀጂው ብርጭቆውን ቢያነሳም፣ እጁን የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ሳስታውስ ናሆም የዋስትናውን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ፊቴ ቆሟል።

«አሠሪህ ልጆች ቢመጡ ምን አድርግ አለችህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ ምንም አላለችኝም።»

«እንግዲያስ ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ጋሼ፣ አላመኑኝም እንዴ?» አለ ፊቱ ተለዋውጦ።

«አንተንማ ዳዴ ስትል ጀምሮ አውቅሃለሁ» አልኩት። «የማላውቃት እሷን ነው።»