የጓደኛዬ ጉንጭ

እኔና ጓደኛዬ ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት የተመደብነው በአንድ ዓመት ነው፤ እኔ ለባዮሎጂ፣ እሷ ለጂኦግራፊ። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራየን። ጥቅምት ላይ እኔን ወባ ጣለኝና አጥንቴ ብቻ ቀረ። እሷ መጀመሪያ ከእኔ የከሳች ብትሆንም፣ በጥቂት ወር ውስጥ ጉንጯ ሞላ፣ ፊቷ ወዛ።

አከራያችን ጠዋት በር ላይ ሲያገኙን እሷን አይተው "ማሻአላህ፣ ሮቢት ተስማማቻት" ይላሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "አንቺስ ልጄ፣ እህል አፍሽ አይገባም?"

ይህ ንግግር ቀኑን ሙሉ ያንገበግበኝ ነበር። በዚያ ሙቀት እኔ የምቀመጥበት ጥላ ስፈልግ፣ እሷ እየሳቀች ለማስተማር ሌላ ክፍል ትገባለች። ማንጎና ሽንኩርት ተሸክማ ከገበያ ስትመለስ እኔ ገና አልጋ ላይ ነኝ። እሷ ስትጠራኝ የተኛሁ መስዬ ዝም የምልበት ጊዜም ነበር።

አንድ ከሰዓት ሳላንኳኳ ስገባ ትንሽ ነጭ ክኒን በሻይ ስትውጥ ደረስኩባት።

"አሞሻል እንዴ?"

"አይ፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ነው። ገበያ ላይ ነው የገዛሁት።"

"ለእኔም ስጪኛ።"

ብልቃጡን በእጇ ጨበጠችና "አልቋል" አለች። ብልቃጡ ውስጥ ግን ክኒን ይንኮሻኮሽ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅናቴ ክፋት ጨመረ። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ "ውበቷ እኮ የክኒን ነው" አልኩ። ሲስቁባት ደስ አለኝ።

ግንቦት ላይ ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ መደገፍ ጀመረች። እጇን አንስታ ሰሌዳው ላይ መጻፍ አቃታት። አንድ ቅዳሜ ወደ ደብረ ሲና ልንሄድ መናኸሪያ ደርሰን የአውቶቡሱን ደረጃ መውጣት አቅቷት ሰው ፊት ተንበረከከች። ደግፌ ሳነሳት ጭኗ ከእኔ የቀጠነ መሆኑን ያኔ አየሁ። ከዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ጤና መኮንኑ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ክኒን አገላብጦ አየና "ይሄ ስቴሮይድ ነው" አለ። "ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን ይመስላል። ሴል ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ሚቶኮንድሪያውን ያነቃቃዋል፤ ሰውም በረታሁ ይላል። ወራት ሲቆይ ግን ያንኑ ሚቶኮንድሪያ ያደክመዋል፤ ጡንቻው ኃይል አጥቶ ይሟሽሻል። ጉንጯም በጤና የሞላ አይደለም፤ ስብና ውሃ ነው።" በአንዴ ማቆም አደጋ እንዳለው ነግሮ፣ ቀስ በቀስ የምትቀንስበትን ጻፈላት።

ሚቶኮንድሪያ የሴል ኃይል ማመንጫ ነው እያልኩ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተናግሮ ሲጨርስ በአማርኛ የምደግመው እኔው። ጓደኛዬ ከግድግዳዬ ማዶ አቅም ሲከዳት ግን የማየው ጉንጯን ብቻ ነበር።

ክረምቱን አብረን ከረምን። ጉንጯ ጎደለ፣ እግሯ ግን እየጠና መጣ። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣን ጠየቅኳት፤

"ያን ቀን ለምን አልቋል አልሽኝ?"

"ላቆመው ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ሳቆም ይጥለኛል። እንዴት ብዬ ለአንቺ እሰጥሻለሁ?"

መምህራኑ መሃል ያልኩትን ልነግራት ፈልጌ የቀረውን ልብስ ማስጣት ቀጠልኩ። እንደዚያ በክኒኑ ተይዛ ለእኔ በማሰቧም እንኳ ቀናሁባት። በዓመቱ ዝውውር አግኝታ ስትሄድ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እስካሁንም አልነገርኳትም።