አምባር የላጠው ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት የቆመች አንዲት የዛገች ቮልስ በር ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ፀሐይ አግሏታል። እጄን ባሸትተው የድሮ ሳንቲም ይሸታል። ባለቤቱ ጎረምሳ ደስ ብሎት ጠጋ አለኝ።

"ታምራለች አይደል? ዝገቱን ሆን ብዬ በጨውና በኮምጣጤ ነው ያመጣሁት። ላዩን ደግሞ ቫርኒሽ አለው።"

ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ይሻሙባታል አሉ። ሳቄ መጣ፤ ቅናቴም አብሮ መጣ። ዝገትማ የእኛ ነበር።

የአባቴ ቮልስ ሰማያዊ ነበረች። እናቴ ከፊት፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ክንዷን በመስኮቱ ታወጣለች። ሬዲዮኑ ዘፈን ሲለቅ በእጇ ያለውን የብር አምባር ከበሩ ጠርዝ ጋር ታማታዋለች፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አምባሩ ቀለሙን ላጠው፣ ዝናቡ የተላጠውን አዛገው። እናቴ ስትሞት በሩ ላይ መዳፍ የምታክል ቡናማ ቦታ ቀረችልን። እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ እጄን በፊተኛው መስኮት በኩል አሾልኬ እዳስሳት ነበር።

ቆይቶ አባቴ ሌላ ሚስት አገባ። እትዬ በያት ተባልኩ። በእናቴ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንጀቴ አረረ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ክንዷ ላይ ነበር፤ ታወጣው ይሆን? አታወጣውም። በዚያ ሁሉ የቃሊቲ ሙቀትና አቧራ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ ትሄዳለች። ብታወጣው በነከስኳት ነበር። ባለማውጣቷ ደግሞ ዝገታችንን ተጸይፋ ነው ብዬ ተናደድኩ። ቅናት ምን ቢሰጡት ደስ ይለዋል?

አንድ ቀን አባቴ ቮልሷን ቀለም ሊያስቀባ ጋራዥ ወሰዳት። የእሷ ምክር ነው ብዬ እያለቀስኩ አብሬያቸው ሄድኩ። ሠራተኛው ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወደ በሩ ሲጠጋ፣ እትዬ ያቺን ቡናማ ቦታ በመዳፏ ሸፈነቻት።

"ይቺን አይንኳት።"

"ዝገቱ በሩን ይበላዋል እኮ!" አለ አባቴ።

"ዘይት እቀባታለሁ። የልጅቷ ናት።"

ቮልሷ ከዚያች ቦታ በቀር እያብረቀረቀች ወጣች። እትዬም ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅ በሞተር ዘይት ነክራ ታሻት ጀመር። ማመስገን ሲገባኝ በዘይቱ ቀናሁ። የእናቴን ቦታ ከእኔ የበለጠ የምትነካት እሷ ሆነቻ!

ጎረምሳው አሁንም ስለ ቫርኒሹ ይነግረኛል። እኔ ግን የሱን ቮልስ በር ጠርዝ በጣቴ እየዳበስኩ ነበር። ዝገቱ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው፤ የማንም ክንድ አላረፈበትም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቮልሷን ሸጥናት። ለገዢው ላስረክብ ስሄድ እትዬ አብራኝ መጣች። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ከጎኔ ናት። አርጅታ ነበር። የጭነት መኪናዎች መንገዱን ዘግተውት ቆመን ቀረን፤ ላቡ ከግንባሯ ይወርዳል።

"እትዬ፣ ክንድሽን አውጪው እንጂ፤ ነፋስ ይንካሽ" አልኳት። ከልቤ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ለዘመዱ ወንበር እንደያዘ ሰው፣ ፈገግ ብላ ወደ በሩ ጠርዝ አየች።

"ሰው አለው" አለችኝ።