አምስት ባዶ ትሪዎች

ያን ሰኞ ጠዋት ሳስታውሰው ዛሬም ክው እላለሁ።

አሶሳ ውስጥ ማንጎ ተቆርጦ በፀሐይ የሚደርቅበት ትንሽ ግቢ ነበረን። ስድስት ሴቶች ይቆርጣሉ፤ እኔ ከማሸጊያው ክፍል ተነሥቼ ተቆጣጣሪያቸው ሆኛለሁ። አለቃነትን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። «ሞክሪው» አሉኝ፣ ሞከርኩት።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ማንጎው እየቀነሰ ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በቀን አምስት ቆራጭ ይበቃናል። ደካማዋን ለይተሽ ሰኞ ንገሪኝ» አለኝ።

ማንን ብዬ እለያለሁ? ግን በዚያው ሰሞን ስለ ሠራተኛ ተነሳሽነት የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስጄ ስለነበር መላው ያለኝ መሰለኝ። ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልኩ። እያንዳንዷ በቀን የሞላችውን ትሪ በጠመኔ እጽፋለሁ፤ ለአንደኛዋ ኮከብ፣ የመጨረሻዋ ትሰናበታለች። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ወትሮ በጨዋታ የሚደምቀው ግቢ ጭጭ አለ። እኔ ደግሞ ተግተው ነው ብዬ ደስ አለኝ!

የመጨረሻዋ ሐቦባ ሆነች። አያት ማለታችን ነው። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፣ ከሁላችንም ታላቅ፤ አንቱ ስንላት ትስቅብናለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሲከፋኝ ካየች «አይዞህ፣ እህቴ» ትለኛለች። የምትኖረው በዚህችው ሥራ ነው። ሌሎቹ አራት ትሪ ሲሞሉ እሷ ሁለት። ቅዳሜ ማታ እያለቀስኩ ስሟን ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

ሰኞ እንደ ልማዴ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። አምስቱ ሴቶች እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ትሪዎቻቸው ባዶ። ሐቦባ ፊት ግን ስምንት ትሪ፣ ጢም ብሎ ሞልቶ ተደርድሯል።

«ምን ጉድ ነው? ታማችኋል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነን፣ እትዬ» አለች ከባምባሲ ከተማ የመጣችው ምላሰኛዋ። «ሌሊት ገብተን የቆረጥነውን ሁሉ ለሐቦባ ሰጥተናታል፤ ጠመኔሽን አንሺ። ሐቦባ ስምንት፣ እኛ ባዶ። አንድ ደካማ አልነበር የፈለግሽው? ይኸው አምስት!»

«ኮከቧን እንዳትረሺ!» አለች ሌላዋ።

የማንጎ ሣጥን ላይ ዘጭ አልኩ።

«ቢላችንን ማን የሚስለው መሰለሽ?» ቀጠለች የባምባሲዋ። «አንቺ ሳትመጪ፣ ገና ሲነጋ ዘበኛው ይከፍትላታል። ስድስቱንም ቢላ ድንጋይ ላይ ትስላለች፣ የበሰለውን ማንጎ ከጥሬው ትለያለች። ቀንም ሲደነዝዝብን ወደ እሷ ነው። እኛ አራት የምንሞላው በማን እጅ ሆነና!»

ይህን ሁሉ ጊዜ አላየሁም። ወደ ሐቦባ ዞርኩ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አልጠየቅህም፣ እህቴ» አለችኝ፣ ቅር ሳይላት። ያ ቃል በጥፊ ከመመታት ባሰብኝ።

ሥራ አስኪያጁ ስሙን ሊቀበል ሲመጣ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ተጨማድዷል። ሁሉንም ነገርኩት። ግራ ገብቶት «እሺ፣ ታዲያ ማን ትሂድ?» አለ።

የባምባሲዋ ቀደመችኝ። «ማንም አትሄድም። ሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን፣ እኛም ስድስት። በየቀኑ አንዳችን በተራ እናርፋለን፤ አምስት ይሆንልሃል።»

በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። «ደሞዛችሁም በዚያው ልክ ይቀንሳል እኮ።»

«እናውቃለን» አሉ፣ ባንድ አፍ።

ሥልጠናው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልነገረኝም።

እሱ ተስማምቶ ሲወጣ አንዷ «ሐቦባ በምታርፍበት ቀንስ ማን ይስላል?» አለች። ሐቦባ መሳያ ድንጋዩን አንሥታ ጭኔ ላይ አኖረችው።

ሐቦባ የምታርፍበት፣ የእኔም የመጀመሪያው የመሳል ተራ፣ ሐሙስ ነበር። ጎህ ሲቀድ መጣሁ፣ ቢላዎቹን ሳልኩ፣ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። ያን ቀን ከሦስት ትሪ በላይ የሞላች አልነበረችም። ሰሌዳው ላይ ማንም አልጻፈውም።